የቅዳሜ ቁም ጸሐፊዎች

ጎንደር፣ ቁስቋም
ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለየኔታ መለሰ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? እኔና እናቴ ደኅና ነን። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። እስካሁን ዝም ማለቴ ድፍረት መሆኑን አውቃለሁ። ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩት። የጠየቁኝ ነገር ስለከበደኝ ነው እንጂ ረስቼዎት አይደለም።

«ማን ፈቅዶልሽ ነው የምታስተምሪ?» ላሉኝ፣ ማንም አልፈቀደልኝም። ቁስቋም ይኖሩ በነበረበት ጊዜ አምስት ዓመት ከበረንዳዎ አልጠፋሁም። ካህናቱ «ሴት ልጅ ቁም ጽሕፈት ምን ያደርግላታል?» ሲሉዎት ዝም ይሉ ነበር። ያንን ዝምታ እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት። አጥፍቼ ከሆነ ይቅር ይበሉኝ።

ክፍሉ የሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት የጓሮ ክፍል ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለሁለት ሰዓት እንማራለን። አሥራ አንድ ልጆች ናቸው፤ ሰባቱ ሴቶች። ትምህርታቸውን ትተው፣ ከቤታቸው ወጥተው፣ እንደ እርስዎ ዘመን ከመምህር ደጅ ሊያድሩ አይችሉም። ስለዚህ ትምህርቱን ቆራርሼ አቀረብኩላቸው። በመጀመሪያው ወር አቀማመጥና መስመር ማስመር ብቻ። ከዚያ ፊደል በወረቀት ላይ። ብራና የሚያገኙት እጃቸው ከረጋ በኋላ ነው። ጽጌሬዳ የምትባል ልጅ ግራኝ ናት፤ የጻፈችውን በክንዷ ታብሰዋለች፣ ምን እንደማደርጋት አላውቅም። ሐምዛ የሚባል ልጅ አለ፣ አባቱ የሱቅ ማስታወቂያ ይጽፋል። ሙስሊም ነው። ለምን እንደመጣ ስጠይቀው «ፊደሉ የኔም ነዋ ቲቸር» አለኝ። ለእሱም ምን ላጽፈው?

አሁን የጨነቀኝን ልንገርዎት። የቤተ መጻሕፍቱ ኮሚቴ ክፍሉን ለኮምፒውተር ሥልጠና ይፈልገዋል። ሰብሳቢው «አንቺን ማን ያውቅሻል? የታወቀ ቁም ጸሐፊ መጥቶ ይህ ትክክለኛ ትምህርት ነው ይበለን፤ አለዚያ ከጥር በኋላ ትለቃላችሁ» ብለውኛል። እኔ ከእርስዎ በቀር የማውቀው የለኝም። ለሁለት ቅዳሜ ቢመጡልኝ ማደሪያዎ እኛ ቤት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ። ባለፈው ደብዳቤዎ መስመሮቹ ወደ ታች ያዘነብሉ ነበር። እርስዎ መስመር ሲስቱ አይቼ ስለማላውቅ ነው የምጠይቀው። አሞዎት ነበር?

እጅሽ እንዳይፈታ በብዕር ጻፊልኝ ስላሉኝ ይህንንም በመቃ ብዕር ጻፍኩት።

ተማሪዎ ማስተዋል


ድብ ባሕር
ጥቅምት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለማስተዋል፣

እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለሁ። ጉልበቴም እንደ ዕድሜው ነው። ሾፌሩ አላምረው ደብዳቤሽን በእጄ ሰጥቶኛል።

መስመሩ ምነው አዘነበለ ላልሽው፣ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስለጻፍሁ ነው። ሌላ ነገር የለውም። እንዲህ ያለውን ነገር ደጋግመሽ አትጠይቂኝ።

መምጣቱ አይሆንልኝም። አጨዳ ደርሷል። መንገዱም አንድ ቀን ክፍት፣ ሌላ ቀን ዝግ ነው። ደግሞ የደብራችንን ተአምረ ማርያም ይዣለሁ። አሮጌው መጽሐፍ ክረምት ላይ ጣራው አፍስሶበት ቅጠሉ እርስ በርስ ተጣብቋል። ከጎረቤት ደብር በትውስት የመጣውን እየገለበጥሁ ነው። ለግንቦት ልደታ አደርሳለሁ ብዬ ለቄሰ ገበዝ አድማሴ ቃል ሰጥቻለሁ። ከግማሹ አልፌያለሁ።

የቅዳሜ ትምህርትሽ አልዋጥልኝ ብሎ ሰንብቷል። እኔ ይህን እጅ ለማግኘት ሰባት ዓመት ከእናት ከአባቴ ተለይቼ ለምኜ በልቻለሁ። የመጀመሪያውን ዓመት ብራና ስፍቅ ነው የከረምሁ፤ ብዕር አልያዝሁም። በሳምንት ሁለት ሰዓት ተቀምጦ ቁም ጸሐፊ የሚሆን ሰው የለም። ግን አብረውኝ የተማሩት አምስት ነበሩ። ሁሉም ሞተዋል። አንዳቸውም ተማሪ አልተዉም። ደብዳቤሽ ከመጣ ወዲህ ይህንን ሳወጣ ሳወርድ ከረምሁ።

ግራኟን ልጅ በቀኝ ጻፊ ብለሽ አታስጨንቂያት። ወረቀቱን አዙሪላት። ከላይ ወደ ራሷ እየሳበች ትጻፍ፤ ክንዷ ቀለሙን አይደርስበትም። አንዱ ጓደኛችን እንዲያ ነበር የሚጽፍ። ሐምዛን የእኛን ቅዱሳት መጻሕፍት እንዲጽፍ አታዢው። የራሱን ስም፣ የአባቱን ስም፣ ያገሩን ስም ይጻፍ። እጁ ቀጥ ካለ ሌላው የእሱና የፈጣሪው ነው።

ከያዝሁት መጽሐፍ አራት ቅጠል ልኬልሻለሁ። ልጆቹ ብራና ላይ ያረፈ ቀለም ምን እንደሚመስል ይዩ። አሳይተሽ መልሺልኝ።

የኔታ መለሰ


ጎንደር፣ ቁስቋም
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለየኔታ መለሰ፣

አጨዳው እንዴት ሆነ? ቤተሰቡ ሁሉ ደኅና ነው?

ጽጌሬዳ ወረቀቱን አዙራ መጻፍ ከጀመረች ሁለት ሳምንቷ ነው። እጅጌዋ ንጹሕ ነው። እናቷ መጥታ አመስግናኛለች፤ ምስጋናው የእርስዎ ነው። ደብዳቤዎም መስመሩ እንደ ገመድ ቀጥ ብሎ ነው የመጣው። ምን ያህል ደስ እንዳለኝ አይጠይቁኝ። ልጆቹ አምጪው እያሉ እሱን እያዩ ይለማመዳሉ፤ ሐምዛ የ«መ»ን ራስ ከዚያ ነው የቀዳው።

አራቱን ቅጠሎች ጠቅልዬ ለአላምረው ሰጥቻለሁ። ከነፋስም ከእጅ ላብም ጠብቄያቸዋለሁ።

እንዴት እንደምጽፈው የቸገረኝ አንድ ነገር አለ። ሐምዛ ግእዝ አያውቅም፤ የሚያየው ቅርጽ ብቻ ነው። ሦስተኛውን ቅጠል ትኩር ብሎ ሲያይ ቆይቶ «ቲቸር፣ ይኼ መስመር ሁለት ጊዜ ተጽፏል» አለኝ። አየሁት፤ እውነቱን ነው። ከዚያ አራተኛውን ራሴ አነበብኩት። እመቤታችን ተናግራ ሳትጨርስ ሌላው ተአምር ይጀምራል። መካከሉ የለም። ለልጆቹ «የኔታ ሆን ብለው እናንተን ሊፈትኑ ነው» አልኳቸው።

ፈተና ነበር አይደል?

ኮሚቴው በየሳምንቱ ክፍሉን እየመጣ ይለካል። እባክዎ መምጣቱን እንደገና ያስቡበት።

ማስተዋል


ድብ ባሕር
ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለማስተዋል፣

ሁላችንም ደኅና ነን። አጨዳው ሸጋ ነበር።

አዎን፣ ለፈተና ነው። ልጆቹ ማግኘታቸው ሸጋ ነው። ቅጠሎቹ ደርሰውኛል፤ አቃንቻቸዋለሁ። ስለዚህ ነገር ከእንግዲህ አንነጋገር።

መምጣቱን ግን አይሆንም ብዬሻለሁ። ለሽማግሌ ሰው አንድ ነገር ሁለቴ አይነገረውም።

የኔታ መለሰ

(በዚያው ፖስታ ውስጥ፣ ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ፤)

እትዬ ማስተዋል፣ አታውቂኝም። ዓይናዲስ እባላለሁ፣ የየኔታ መለሰ የልጅ ልጅ ነኝ፣ አሥረኛ ክፍል ነኝ። ይህንን የምጽፈው ሳያውቁ ነው። ያለፈውንና የአሁኑን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። የአንቺንም የማነብላቸው እኔ ነኝ። አባባ አያዩም። ከመስከረም ጀምሮ ፊት እንኳ አይለዩም። ለማንም አትንገሪ ብለው አስምለውኛል፤ አሁን መሐላዬን አፈረስኩ።

መጽሐፉን የሚጽፉት እንዲህ ነው። በሩ ላይ ፀሐይ ውስጥ ይቀመጣሉ። እኔ አነብላቸዋለሁ። በወስፌ የተሰመረውን መስመር በግራ እጃቸው ጥፍር ይዳስሱና በቀኙ ይጽፋሉ። ፊደሉ ሲያዩት ያምራል። ግን የት እንደደረሱ ይጠፋቸዋል። ተሳሳቱ ስላቸው ይቆጣሉ። ፈተና ነበር ወይ ያልሽውን ሳነብላቸው ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሱም። ቄሰ ገበዝ በየጊዜው እየመጡ «የት ደረሰ?» ይላሉ። ይህ መጽሐፍ እንዲህ ሆኖ መቅደስ ቢገባ እሳቸው ምን ይሆናሉ? ምን ላድርግ?

መልስሽን ለብቻ ወረቀት አድርጊው።


ጎንደር፣ ቁስቋም
ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለየኔታ መለሰ፣

ተቆጥተውኛል፤ መቆጣትዎ ተገቢ ነው። ስለ ቅጠሎቹ ዳግመኛ አላነሣም።

ስለ መምጣቱ ግን ቁጣዎን ችዬ ለመጨረሻ ጊዜ ልለምንዎት። ኮሚቴው ጥር መጨረሻን ቁርጥ ቀን አድርጎታል። ከአሥራ አንዱ ልጆች ሁለቱ «ከተዘጋ ምን ያደርጋል» ብለው ቀርተዋል። ጥር 17 እና ጥር 24 ቅዳሜ ናቸው። ጥምቀት ካለፈ በኋላ አላምረው ራሱ ከበርዎ ያነሣዎታል። መንገድ ላይ የሚደግፍዎት ሰው እንዳይቸግር የልጅ ልጅዎ አብራዎት ትምጣ። እናቴ ሆስፒታል እንደምትሠራ ያውቃሉ፤ እግረ መንገድዎን ጉልበትዎን ታሳይልዎታለች።

ማስተዋል

(ለብቻ፤)

ዓይናዲስ እኅቴ፣ ደብዳቤሽን ያነበብኩት ቆሜ ነው፤ ከዚያ ተቀመጥኩ። መሐላሽን በማፍረስሽ የሚወቅስሽ ቢኖር እኔን ይውቀሰኝ።

እናቴ የዓይን ክፍል ነርስ ናት። የዓይን ሞራ ከሆነ በቀዶ ሕክምና ይነሣል ትላለች። ዓይናቸው መሐሉ ነጭ ሆኗል? ያማቸዋል? ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ሁሉን ጽፈሽ ላኪልኝ፤ ለሐኪሙ አሳያለሁ። ጉልበት ያልኩት ለማምጣት ነው። የኔታን ማታለሌ ነው፤ ያስፈራኛል። ለዓይን ነው ብላቸው ግን እንደማይመጡ አንቺም ታውቂያለሽ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይህንን እጅ ማን አስተማረሽ?


ድብ ባሕር
ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለማስተዋል፣

በዓሉን በሰላም አሳልፈናል። ጥር 15 እንነሣለን። የምመጣው ለልጆቹ ነው እንጂ ለጉልበቴ አይደለም። ሰዎቹ ፊት ቆሜ ያስተማርሁሽ እኔ መሆኔን እናገራለሁ። ከዚያ በላይ አትጠይቂኝ።

የኔታ መለሰ

(ለብቻ፤)

ነጭ አልሆነም፤ ጥቁሩ እንደ ጥቁር ነው። አልፎ አልፎ ግንባራቸውን ያማቸዋል። መጀመሪያ ከጎን የሚመጣ ሰው አይታያቸውም ነበር፤ ሁለት ዓመት ይሆነዋል። ከዚያ እየጠበበ ሄደ። ማንም አላስተማረኝም። ሴት ልጅ ከአንቺ ሌላ አላስተምርም ብለው ነበር። አጠገባቸው ሆኜ ቀለም ስበጠብጥ እያየሁ ነው። እጄን አይተውት አያውቁም፤ አሁን ደግሞ ሊያዩት አይችሉም። ዓይናዲስ


ጎንደር፣ ቁስቋም
የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለየኔታ መለሰ፣

በሰላም ገቡ? ከሆስፒታሉ በር ጀምሮ እስከ መናኸሪያው አንድ ቃል አልተናገሩኝም። እናቴ የሠራችውን ምሳ ሳይቀምሱ ሄዱ። ሳህንዎን እስከ ማታ አላነሣችውም።

ሐኪሙ የዓይናዲስን ወረቀት አንብቦ «ከመስከረም ጀምሮ ፊት አይለዩም ማለት ነው?» ሲልዎት ፊትዎን አየሁ። «ሁላችሁም ታውቁ ነበር?» አሉ። አዎን፣ እናውቅ ነበር። ጉልበት ያልኩት ውሸት ነው። ዓይናዲስን አይቆጡ፤ ያስጻፍኳት እኔ ነኝ። ይቅርታ ስለምንዎት ይቅር እንዲሉኝ ጠብቄ አይደለም።

ሐኪሙ የተናገረውን በቁጣዎ መካከል ሰምተውት እንደሆነ ስለማላውቅ እደግመዋለሁ። ሞራ አይደለም። የዓይን ግፊት የሚባል በሽታ ነው። የጠፋው አይመለስም። በቀኝ ዓይንዎ የቀረችው ብርሃን ግን ጠብታውን ጠዋትና ማታ ካደረጉ ልትቆይ ትችላለች። ካላደረጉ እሷም ትሄዳለች። ብልቃጡን ዓይናዲስ ቦርሳ ውስጥ ከትቻለሁ። በእኔ ተናደው እንዳይጥሉት።

የክፍሉን ነገር ልንገርዎት። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ እያንዳንዱን ልጅ እጁን እጅዎ ላይ አስጭነው «ሀ»ን ሲጽፉ ሰብሳቢው ከበሩ አልተነቃነቁም። ሐምዛ ቤቱ ሄዶ ለአባቱ «ፊደሉ ከትከሻ ነው የሚመጣው» ብሏል። ክፍሉን እስከ ሰኔ ሰጥተውናል። የቀሩት ሁለቱም ተመልሰዋል።

ዓይናዲስ፣ ይህን የምታነቢላቸው አንቺ ስለሆንሽ የሚቀጥለውን ሳትዘዪ አንብቢ። የኔታ፣ ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ የመጡልኝን ደብዳቤዎች ልጆቹ የእርስዎ እጅ መስሏቸው ሲለማመዱባቸው ከርመዋል። እኔም ታኅሣሥ ድረስ መስሎኝ ነበር። አምስት ዓመት የእርስዎን ፊደል እያየሁ ተምሬ አልለየሁትም። እሷ አጠገብዎ አለች። መጽሐፉም አላለቀም። ከዚህ በላይ ለመናገር መብት የለኝም።

ማስተዋል


ጎንደር፣ ቁስቋም
ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለየኔታ መለሰ፣

ሁለት ወር ሆነ። መንገዱ ለሦስት ሳምንት ተዘግቶ ነበር፤ መጀመሪያ በዚያ አሳበብኩ። አሁን ግን ተከፍቷል። አላምረው ደብዳቤውን ለዓይናዲስ በእጇ እንደሰጣት ይናገራል፤ በደጃችሁ ሲያልፍ ግን በሩ ዝግ ነው አለኝ። ዓይናዲስም አንድ ቃል አልጻፈችልኝም። ታመው ይሆን? እሷስ ደኅና ናት? ስልክ እሞክራለሁ፤ አይገባም።

ካልፈለጉ መልስ አይጻፉልኝ። ጠብታው ግን በአንድ ወር እንደሚያልቅ አውቃለሁ። ሁለት ብልቃጥ ልኬያለሁ። አላምረው ሲመለስ «ተቀብለዋል» ብቻ ቢለኝ ይበቃኛል።

ማስተዋል


ድብ ባሕር
ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለማስተዋል፣

አለሁ። እንዳሳሰብሁሽ አውቃለሁ። ዓይናዲስ እንዳትጽፍልሽ የከለከልሁ እኔ ነኝ፤ በእሷ አትዘኚ።

ከጎንደር እንደተመለስሁ ብዕሩን አስቀመጥሁ። አንድ ወር አልነካሁትም። የተናደድሁት ስለዋሻችሁኝ ይመስለኝ ነበር። በኋላ ሳስበው፣ እኔ የደበቅሁት ከእናንተ ይበልጥ ነበር። ለደብሩ የተበላሸ መጽሐፍ ላስረክብ ነበር። ስሕተቱን አላወቅሁም ብዬ እንኳ አልምልም። አንቺ ፈተና ነው አይደል ስትዪኝ አውቄያለሁ።

መጋቢት 21 ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹና ካህናቱ ባሉበት ተነሥቼ ተናገርሁ። «ዓይኔ ሄዷል። ከመስከረም ወዲህ የጻፍሁትን አላየሁትም» አልሁ። ከሽማግሌዎቹ አያ አስናቀው «ታዲያ መለሰ፣ እስከ ዛሬ ምነው ዝም አልህ?» አለኝ። አፈርሁ፣ አልሁት።

ከዚያ «የቀረውን ማን ይጽፈው?» አሉ። ዓይናዲስ ናት አልኋቸው። እኔ ያላስተማርኋት፣ አይታ የተማረች። ጉርምርምታ ሆነ። ቄሰ ገበዝ አድማሴ «በመጀመሪያ ትጻፍና እንየው» አለ። እየጾመች፣ እየጸለየች የቀረውን ሦስት ጥራዝ ቅጠል ጻፈች። ትምህርት ቤቱ በጸጥታው ችግር ስለተዘጋ ቀኑን ሙሉ ትቀመጥ ነበር። እሷ ድምፅ እያሰማች ስትጽፍ እኔ አጠገቧ ሆኜ በቃሌ እከታተል ነበር። በፋሲካ ማግስት ዲያቆናቱ የእኔንም የእሷንም በትውስት ከመጣው መጽሐፍ ጋር ቃል በቃል አስተያዩት። ከመስከረም ወዲህ በጻፍሁት በመጨረሻው የእኔ ጥራዝ ዘጠኝ ስሕተት ተገኘ። በእሷ ሦስት ጥራዝ አንድ።

አንዱ ካህን «ሴት የጻፈችው መቅደስ ይገባል ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ቄሰ ገበዝ «የታረመውን ትቼ ስሕተት ያለበትን ላንብብ?» አለው። ጠያቂውና ሌላ አንድ ካህን ተቀይመው ወጡ፤ እስካሁን ሰላም አይሉኝም። የእኔን የተበላሸውን ጥራዝ እሷ እንደገና ጻፈችው። ተጠርዞ ለልደታ ደረሰ፣ ተነበበም። መጨረሻው ቅጠል ላይ ሁለታችንም ስማችን አለ። እኔ ቆሜ ሰማሁት።

ጠብታውን ጠዋትና ማታ ታደርግልኝ ነበር። ጎህ ሲቀድ በሩ ከግድግዳው ይለይልኛል፤ ከዚያ በላይ የለም። ከዛሬ ጀምሮ የምታደርግልኝ እናቷ ናት።

ምክንያቱም ዓይናዲስን ልኬልሻለሁ። እዚህ ትምህርት ቤቱ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። እዚያ አስገቢያት፤ እናትሽ ዘንድ ትቀመጥ። ይህንን ደብዳቤ የጻፈችው ራሷ ይዛው መጥታለች። ቅዳሜ ስትመጣ ግን ከጀማሪዎቹ ጋር አታስቀምጫት። እሷ ታስተምር፤ ከእኔ የቀረውን ያወቀችው እሷ ናት።

ይህን ስነግራት ብዕሩ ቆሟል። ጻፊ ብያታለሁ።

መለሰ